አርቲስት ክፍል ውስጥ ሲገባ ልጆቹ ይማራሉ ወይስ ይዝናናሉ? ፒያሳ አካባቢ አስተምራለሁ፣ ምክራችሁን እፈልጋለሁ

ፊደል ገበታ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ እንደምን ናችሁ?

ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት 7ኛ እና 8ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ መካከል እንቅልፍ የሚነሱኝ ልጆች አሉ። አንዳንዶቹ ከትምህርት በኋላ ሊስትሮ ይሠራሉ፣ ማስቲካና ሶፍት ያዞራሉ። ከዘመድ ጋር የሚኖሩ አሉ፣ ዘመዱም ብዙም አይፈልጋቸውም። ከሰዓት በኋላ ቤቲንግ ቤት በር ላይ የማይጠፋ ልጅም አለ። ትምህርት ቤት ግን ይመጣሉ። ምገባው ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ስላለ፣ ቢያንስ ቁርስና ምሳ ፍለጋ ይመጣሉ። እሱ ትልቅ ነገር ነው። ግን ክፍል ውስጥ ደብተር ዘርግተው ይቀመጣሉ እንጂ ልባቸው እዚያ የለም። ማንበብ የሚቸግራቸው አሉ። ሲጠየቁ እንዳይሳቅባቸው ይሸሻሉ ወይም ይረብሻሉ።

አሁን አንድ ዕድል መጥቷል። አንድ ሠዓሊ፣ አንዲት የቴአትር ባለሙያ እና አንድ ማሲንቆ ተጫዋች በሚቀጥለው ሴሚስተር እየመጡ ከልጆቹ ጋር ለመሥራት ፈቃደኛ ሆነዋል። ርዕሰ መምህራችን ጥሩ ሰው ናቸው። ግን "የ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ደጅ ላይ ቆሞ በየት በኩል ነው የምንጫወተው?" አሉኝ። ስጋታቸው ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. እንኳ 5.4 በመቶ ነው የደረሰው። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ማሲንቆ ማውራት የቅንጦት ይመስላል።

እኔ ግን ቅንጦት አይመስለኝም። ልጆቹን የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ። እንዴት ቢደረግ ነው ጥበቡ ትምህርቱን የሚረዳው? ምንስ መጠንቀቅ አለብኝ?

ማሲንቆ በትከሻ፦

መምህርት ሰላም። ሙዚቀኛ ነኝ፣ ትምህርት ቤቶችም ውስጥ ብዙ ገብቻለሁ። በግልጽ ልንገርሽ። አንድ ቀን መጥቶ፣ ተጫውቶ፣ አስጨብጭቦ የሚሄድ አርቲስት ልጆቹን ያስደስታል እንጂ አያስተምርም። ለአንቺ ልጆች ደግሞ የባሰ ነው። መጥቶ የሚጠፋ ሰው ለእነሱ አዲስ አይደለም። አባት መጥቶ ጠፍቷል፣ ድርጅት መጥቶ ጠፍቷል። አርቲስቱም ሲጠፋ "ድሮም" ብለው ይዘጉታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሦስቱንም "እስከ መቼ ነው የምትመጡት?" በያቸው። አንድ ሙሉ ሴሚስተር፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ያው ሰው መምጣት አለበት። ይህን ቃል መግባት ለማይችል ሰው አመስግነሽ ሻይ ጋብዘሽ ሸኚው።

ትምህርቱን በተመለከተ አንድ የምሠራውን ልንገርሽ። ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ነው፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ። ልጆቹ ክሩን በሜትር ይለካሉ። ልኬቱን ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ከዚያ እኩሌታው ላይ ጣቴን አሳርፌ ደጋኑን እስባለሁ። ያው ድምፅ ነው፣ ግን ቀጥኖ ከፍ ብሎ ይመጣል። ቀጥሎ የክሩ ሁለት ሦስተኛ ብቻ ድምፅ እንዲሰጥ አደርጋለሁ። ከዚያ ሦስት አራተኛው። "የቱ ነው የቀጠነው?" እላቸዋለሁ። ረዥም ክር ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፣ አጭር ክር ቀጭን። ሁለት ሦስተኛው ከሦስት አራተኛው ይቀጥናል። ስለዚህ ሦስት አራተኛ ይበልጣል ማለት ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ሲያዩት የሚያንቀላፉ ልጆች እዚህ ጋ ሲጨቃጨቁ ታያለሽ። ጆሯቸው መልሱን ከነገራቸው በኋላ ነው ወደ ሰሌዳው የምንሄደው፣ የጋራ አካፋይ ፈልገን 8 ለ12 እና 9 ለ12 ብለን የምናረጋግጠው።

የድምፅ ሣጥኑም አራት ማዕዘን ነው፣ ጎኖቹ እኩል፣ ዘንበል ብሎ የቆመ። ቁርበቱን ለመወጠር ምን ያህል ቆዳ እንደሚበቃ ለማወቅ ሁለቱን አቋራጭ መስመሮች ለክቶ፣ አባዝቶ፣ ለሁለት ማካፈል ነው። ጂኦሜትሪ ያው እሱ ነው።

ግን እባክሽ፣ ከማሲንቆ ተጫዋችሽ ጋር የሒሳቡ መምህር አብሮ ይቀመጥ። ሙዚቀኛው ብቻውን ከሆነ ሙዚቃ ሆኖ ይቀራል። በማግስቱ "ትናንት ክሩ ላይ ያያችሁት" ብሎ የሚጀምር መምህር ሲኖር ነው ትምህርት የሚሆነው።

የሠራተኛ ሰፈር እናት፦

እኔ አስተማሪም አርቲስትም አይደለሁም። ልብስ ሰፊ ነኝ። የ14 ዓመት ልጅ አለኝ። እንደ እናት የሚሰማኝን ልበል፣ ቅር አይበላችሁ። ልጄ ይጨፍራል፣ ይዘፍናል፣ ስልክ ላይ ቪዲዮ ይሠራል። ያልቻለው ማንበብ ነው። አንድ ገጽ ሳይጨርስ ይነሳል። እንግዲህ ትምህርት ቤትም ሄዶ የሚዘፍን ከሆነ መቼ ነው የሚያነበው? የሀብታም ልጅ ከሰዓት በኋላ አስጠኚ አለው። የእኔ ልጅ ያለው ያው የመንግሥት ትምህርት ቤት ሰዓት ብቻ ነው። ያንን ሰዓት ስትነኩት እያሰባችሁ ይሁን።

ፊደል ገበታ፦

እትዬ፣ ቅር አይለኝም፣ እንዲያውም እግዜር ይስጥልኝ። የእርስዎን ጥያቄ ነው ርዕሰ መምህሩም የጠየቁኝ። ልክ ነዎት፣ ሰዓቱ የልጆቹ ሀብት ነው። እኔም ብሆን ከአማርኛው ክፍለ ጊዜ ወስጄ ለመዝናኛ አልሰጥም። የምፈልገው ማንበቡንና መጻፉን የሚያመጣ ከሆነ ብቻ ነው።

ማሲንቆ በትከሻ፣ "መጥቶ የሚጠፋ ሰው" ያልከው ልቤ ውስጥ ገብቷል። ነገ ሦስቱንም እጠይቃቸዋለሁ።

ወረቀትና ብዕር፦

ለእናትየዋ ጥያቄ ጥናት የሚለውን ላምጣ፣ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁለቱም ወገን ብዙ የተጋነነ ነገር ይወራል።

እ.ኤ.አ. በ2000 ሃርቫርድ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ኤለን ዊነርና ሎይስ ሄትላንድ፣ ለአሥርት ዓመታት የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። "ጥበብ የተማረ ልጅ በራሱ ጊዜ በሒሳብና በቋንቋ ይጎብዛል" የሚለውን የሚደግፍ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ልጅ ሥዕል ስለሳለ ብቻ ማንበብ ይችላል ማለት አይቻልም። አንድ ነገር ግን ጎልቶ ወጣላቸው። ክፍል ውስጥ ታሪክን በቴአትር መልክ መሥራት የቋንቋ ችሎታን ይረዳል። ልጁ ያነበበውን ታሪክ ተነስቶ ሲተውነው፣ ታሪኩን በደንብ ይረዳዋል፣ ሌላ ጽሑፍ ሲያነብም ይጠቅመዋል። እትዬ፣ ልጅዎ ዘፋኝና ተዋናይ ቢጤ ከሆነ በሩ በዚህ በኩል ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ቀጥታ የመምህርቷን ጉዳይ ይመለከታል። አሜሪካ ሂውስተን ከተማ ውስጥ 42 ትምህርት ቤቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ከ10 ሺህ በላይ ተማሪዎች ነበሩበት። ግማሾቹ ጋ የከተማው አርቲስቶችና የጥበብ ተቋማት እየገቡ ሠሩ፣ ትዕይንት አሳዩ፣ ልጆቹንም ወስደው አስጎበኙ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ። በዲሲፕሊን የሚቀጡ ተማሪዎች ድርሻ በ3.6 ፐርሰንቴጅ ነጥብ ቀነሰ። የጽሑፍ ፈተና ውጤት ከፍ አለ። ለሌላው ሰው ማዘንም ጨመረ። በሒሳብና በንባብ ፈተና ላይ የጎላ ለውጥ አልታየም። ልብ በሉ፣ ጉዳትም አልታየም። ለርዕሰ መምህሩ ይህን ንገሪያቸው። ሰዓቱ ለጥበብ ስለተሰጠ ፈተናው አልወደቀም።

ጀምስ ካተራል የሚባል ተመራማሪም እ.ኤ.አ. በ2012 ድሃ ቤተሰብ ያላቸውን የአሜሪካ ልጆች የረዥም ጊዜ መረጃ አይቶ፣ በጥበብ ብዙ የተሳተፉት በትምህርታቸው የገፉ ሆነው አግኝቷቸዋል። ይህኛውን ግን በጥንቃቄ ነው የምጠቅሰው። ድሮም ጎበዝ የነበረ ልጅ ወደ ጥበብ ይሄድ ይሆናል። የሂውስተኑ በዕጣ ስለሆነ ይበልጥ ይታመናል።

የእኔ ድምዳሜ አጭር ነው። ቴአትሩን ለአማርኛው አውሉት፣ ጽሑፍ ይኑረው። ከዚህ በላይ ቃል አትግቡ።

የዱሮ ፒያሳ ልጅ፦

ሁሉም ምሳሌ ከአሜሪካ መጣ፣ እዚሁ ደጃችን የሆነውን ላስታውሳችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1996 ሮይስተን ማልዱም የሚባል እንግሊዛዊ የዳንስ ባለሙያ አዲስ አበባ መጣ። ከ100 ያህል የጎዳና ልጆች ጋር አንድ ትልቅ ትዕይንት ሠራ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ዛሬ ማንም አያስታውሰውም ነበር። ግን አላቆመም። ድሃ የመንታ ቤተሰቦችን ይረዳ በነበረው ጀሚኒ ትረስት ሥር አዱኛ የሚባል የዳንስ ቡድን ተቋቋመ። 18 ወጣቶች ለአምስት ዓመት ሠለጠኑ። አምስት ዓመት! ከእነሱ አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ሳቡሮ ተሺጋዋራ በሚባለው ታዋቂ ጃፓናዊ የዳንስ ቀማሪ (ኮሪዮግራፈር) ሥር እንዲማር ተመረጠ። እሱና ጓደኛው አዲሱ ደምሴ ዴስቲኖ የሚባል የራሳቸውን የዳንስ ቡድን መሠረቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ለንደን ሳድለርስ ዌልስ መድረክ ላይ ሠሩ። ከዚያም ወዲህ ሌሎች ልጆችን አሠልጥነዋል።

ያው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ2003 በርሊን ሄዶ ከከተማው ዝነኛ ኦርኬስትራ ጋር 250 ልጆችን መድረክ ላይ አወጣ። ዓለም የጨበጨበው ለዚያኛው ነው። የእኛዎቹ ልጆች ግን ከዚያ ሰባት ዓመት ቀድመው ሠርተውታል። ይህንን ልጆችሽ ቢሰሙት ደስ ይለኛል መምህርት። በእነሱ ዕድሜ፣ በእነሱ መንገድ ላይ ያደጉ ልጆች የት እንደደረሱ ይወቁ።

ከበርሊን ይልቅ የሚጠቅምሽ ግን የአምስት ዓመቱ ነገር ነው። ማሲንቆ በትከሻ ያለው ልክ ነው። ለውጡ ያለው መቆየቱ ላይ ነው።

ጥላ ከለላ፦

የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ነኝ፣ ከጎዳና ልጆች ጋር እሠራለሁ። አንድ ነገር ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው።

ልጆቹን "ታሪካችሁን ንገሩን፣ ሕይወታችሁን ሳሉልን፣ የደረሰባችሁን ተውኑልን" አትበሏቸው። እለምንሻለሁ። አርቲስቶች በቅን ልብ ይህን ይወዳሉ። ልጁ እናቱ ስትሞት፣ እንጀራ አባቱ ሲደበድበው፣ አውቶቡስ ተራ ያደረበትን ሌሊት ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት እንዲያወጣ ይደረጋል። አርቲስቱ ያለቅሳል፣ ተመልካቹ ያለቅሳል። ልጁ ግን በማግስቱ እዚያው ክፍል ውስጥ "ያ ልጅ" ሆኖ ይቀመጣል። ራሱ ማውጣት ከፈለገ በራሱ ጊዜ፣ ለመረጠው ሰው ያወጣዋል። ክፍሉ የሚሠራው ተረት ይሁን፣ ታሪክ ይሁን፣ የፈጠራ ገጸ ባሕርይ ይሁን። በገጸ ባሕርይ ውስጥ ልጁ የፈለገውን ያህል መናገር ይችላል፣ ማንም አያውቅበትም።

ፎቶም እንደዚያው ነው። የልጆቹ ፊት ያለበት ፎቶ አርቲስቱ ገጽ ላይ "ከጎዳና ልጆች ጋር" ተብሎ መውጣት የለበትም። ሊስትሮነቱን የደበቀ ልጅ ሰፈሩ ሁሉ ሲያየው ትምህርት ቤት ይቀራል። እና ማንም እንግዳ፣ የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን፣ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሁን። አርቲስት ክቡር ነው ብለን የምናልፈው ነገር አይደለም። በር ክፍት፣ መምህር አብሮ፣ ሁልጊዜ።

አንድ ተጨማሪ። "ችግረኛ ልጆች" ብለሽ ለይተሽ ቡድን አትሥሪ። ሙሉ ክፍሉ ይግባ። የምታስቢላቸው ልጆች ውስጡ ይኖራሉ፣ ግን ማንም አይቆጥራቸውም።

ፊደል ገበታ፦

ጥላ ከለላ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። የቴአትር ባለሙያዋ የመጀመሪያ ሐሳቧ "የሕይወት ታሪክ" ነበር። ዛሬውኑ እደውልላታለሁ። ለይቶ መመዝገቡንም ትቼዋለሁ፣ ሙሉ ክፍሉ ይገባል።

ነባር ርዕሰ መምህር፦

ልጄ፣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ግን ብዙ ዘመን ርዕሰ መምህር ነበርኩ፣ እዚያው አራዳ። አለቃሽን አትቀየሚያቸው። ርዕሰ መምህር የሚጠየቀው በወረቀት ነው። ስለዚህ በወረቀት ሂጂ።

የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ። ክፍለ ጊዜ አለው፣ መጽሐፍ አለው። ብዙ ቦታ የሚያስተምረው በሙያው ያልሠለጠነ መምህር ነው። አርቲስቶቹን በዚያ ክፍለ ጊዜ አስገቢያቸው። ከሒሳብም ከአማርኛም ሰዓት አልተወሰደም። ርዕሰ መምህሩም "ሥርዓተ ትምህርቱን እያሟላሁ ነው" ብለው ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይጽፋሉ። እትዬም ሰዓቱ አልተነካባቸውም።

የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱን (ወተመህን) ሰብስቢና ፊት ለፊት አስረጂ። ወላጅ ሳያውቅ የገባ ነገር በአንድ ሐሜት ይፈርሳል። የአርቲስቶቹ መታወቂያ ኮፒ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። የሚመጡበት ቀንና ሰዓት ተፈርሞ ይያዝ። ይህ ሁሉ ቢሮክራሲ ይመስልሻል፣ ግን ልጆቹን የሚጠብቃቸውም እሱ ነው።

እና እባካችሁ ለአርቲስቶቹ ክፈሏቸው። በነጻ የሚመጣ ሰው ሥራ ሲያገኝ ይቀራል፣ ሊወቀስም አይችልም። ቢያንስ ትራንስፖርትና የቀኑን ዋጋ። ከቀድሞ ተማሪዎች ሰብስቡ። ፒያሳ ተምሮ ዛሬ ደህና የሆነ ሰው ሞልቷል፣ ለምኑ።

ማሲንቆ በትከሻ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ክፍያ ሙዚቀኛው ሲናገር ስግብግብ ይባላል፣ እርስዎ ስላሉት ደስ ብሎኛል።

ለመምህርት አንድ ጥቆማ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና አለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሁለቱም ከአንቺ ሩቅ አይደሉም፣ ሁለቱም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ናቸው። ቴአትር ጥበባትም እዚያው አለ። ሊመረቁ የደረሱ ተማሪዎች ልምድ ይፈልጋሉ። ዋናው አርቲስት ታሞ ቢቀር የሚተካ ሰው ከዚያ ይገኛል። ልጆቹ ግን ተተኪውን አስቀድመው ይወቁት፣ ድንገት አዲስ ፊት አይምጣባቸው።

ካዛንቺስ ያደገ፦

እኔ ከተማሪው ወገን ልናገር። በልጅነቴ ሰርከስ ተምሬያለሁ። ትምህርት ጠልቼ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ጆተኒ ቤት ነበርኩ። ሰርከሱ አንድ ሕግ ነበረው። ትምህርት ቤት ያልሄደ ልምምድ አይገባም። ደብተራችንን ያዩት ነበር። እኔ ትምህርት ቤት የተመለስኩት ለሰርከሱ ብዬ ነው፣ ለትምህርቱ አይደለም። ትምህርቱ ከኋላ ነው የመጣው።

ሌላም ነገር አለ። ክፍል ውስጥ ስትሳሳት ይሳቅብሃል። ሰርከስ ላይ ኳስ ስትወረውር መቶ ጊዜ ይወድቅብሃል፣ ማንም አይስቅም፣ ሁሉም ስለሚወድቅበት። ያ ነገር ጭንቅላቴን ቀየረው። ማንበብም ያው መሆኑ ገባኝ። መውደቅ ነው፣ ማንሳት ነው፣ መውደቅ ነው። አሠልጣኛችን ይህን በቃል ነግሮን አያውቅም፣ ሰውነታችን ነው የተማረው። አሁን ፍካት ሰርከስ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ድረስ እየገባ የታመሙ ልጆችን ሲያስቅ ሳይ ደስ ይለኛል። እንደዚህ ያለ ቦታ ላይ የሚሠራ ሰው ልጅ ይገባዋል። ሂጂና አናግሪያቸው።

ፊደል ገበታ፦

ካዛንቺስ ያደገ፣ እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። "ትምህርቱ ከኋላ ነው የመጣው" ያልከውን ለርዕሰ መምህሩ አነባላቸዋለሁ።

አሁን ሌላ የሚያሳስበኝን ላንሳ። ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርስ ብዙ ተማሪዎቼ ሄደዋል። ገላን ጉራ የሄዱ አሉ፣ አራብሳ የሄዱ አሉ። ጥቂቶቹ ጠዋት ጨለማ ላይ ተነስተው እስከዚህ ይመጣሉ። የቀሩትም ጓደኛቸውን አጥተዋል። አብሮት ሊስትሮ ይሠራ የነበረው ልጅ የለም፣ የሚያስጠናቸው የጎረቤት ልጅ የለም፣ ቡና የምትጠራቸው እትዬ የሉም። ቤቱ ጭቃ ነበር፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነበር፣ ይታወቃል። ልጆቹ የሚናፍቁት ቤቱን አይደለም። ክፍል ውስጥ "ሰፈሬ" በሚል ርዕስ ድርሰት ጻፉ ስል ወረቀቱ ባዶ ሆኖ ይመለሳል። ይህንስ በጥበብ ማገዝ ይቻላል? ወይስ ጥላ ከለላ እንዳለችው ቁስል መንካት ይሆናል?

ከሰልና ካርቶን፦

ሠዓሊ ነኝ። ይህ ጥያቄ ይገባኛል፣ እኔም ሰፈሬ ፈርሷል።

ድርሰቱን ለጊዜው ተዪው። ካርታ አሠሪያቸው። ስለ ስሜታቸው አትጠይቂያቸው፣ ስለ ቦታው ጠይቂያቸው። ዳቦ ቤቱ የት ነበር? ከዳቦ ቤቱ እስከ ቧንቧው ስንት እርምጃ ነው? የማን ግቢ በር ሰማያዊ ነበር? ልጆች ይህን ሲጠየቁ ይነቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ "አይ፣ ቧንቧው ከእድሩ ቤት ወዲህ ነው!" ይላሉ። ልቅሶ የለበትም፣ ሥራ ነው።

ከዚያ ትምህርቱ ይከተላል። ስኬል ያስፈልጋል። አንድ ሴንቲ ሜትር አሥር ሜትር ይሁን እንበል። ልጁ መንገዱ በሃምሳ እርምጃ ያልቅ ነበር ካለ፣ የራሱን እርምጃ ግቢ ውስጥ ለክቶ፣ አባዝቶ፣ ወደ ሴንቲ ሜትር መቀየር አለበት። ጥምርታ ማለት ይኸው ነው። ትልቅ ካርቶን ላይ ሲያሰፉት ደግሞ ትንሹን ሥዕል በካሬ ይከፋፍላሉ፣ ትልቁንም በካሬ ይከፋፍላሉ፣ ካሬ በካሬ ይገለብጣሉ። ቀለም ባይኖር ከሰል ይበቃል። ካርቶን ደግሞ ከሱቅ ለምነሽ ታገኛለሽ።

ጽሑፉ በመጨረሻ ይመጣል፣ ያውም ሳትጠይቂ። ካርታ ላይ ስም መጻፍ አለባቸው። "የእትዬ ቡና ቤት"፣ "ኳስ ሜዳ"፣ "ውሻ ያለበት ግቢ"። ቀጥሎ በአንድ ቦታ ላይ ሁለት መስመር፣ ምን ይደረግበት እንደነበር። ማንበብ የሚቸግረው ልጅ የሚያውቀውን ቃል ነው የሚጽፈው። ከዚያ የሄዱትን ጓደኞቻቸውን በስልክ ይጠይቁ፣ አያቶቻቸውን ይጠይቁ። ያ ቃለ መጠይቅ ነው። አማርኛሽ እዚያ ውስጥ አለ።

ሲያልቅ አብርሖት ቤተ መጻሕፍት ውሰጂያቸው፣ አራት ኪሎ ነው፣ በእግር ይደረሳል። የድሮ አዲስ አበባ ፎቶና ካርታ ያለባቸውን መጻሕፍት ፈልጊ፣ የራሳቸውን ካርታ ከዚያ ጋር ያስተያዩት። መጽሐፍ የሚገልጡበት ምክንያት ይኖራቸዋል።

ጥላ ከለላ፦

ከሰልና ካርቶን ያለውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ስለ ቦታው መጠየቅ ልጁን አያራቁተውም። አንድ ነገር ብቻ፣ መሳል የማይፈልግ ልጅ ካለ አይገደድ። መለኪያውን ይያዝ፣ ካሬውን ያስምር። ሥራ ይኑረው እንጂ ሰፈሩን እንዲያወጣ አይገደድ።

የሠራተኛ ሰፈር እናት፦

የካርታው ነገር ልቤን ነካው። ቃለ መጠይቁን እኔንም ይጠይቁኝ፣ ብዙ አውቃለሁ። ደጃች ውቤ ሰፈር ያደግኩ ነኝ።

ግን አሁንም አንድ ነገር እላለሁ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ልጄ አንድ ገጽ ሳይነሳ ማንበብ መቻል አለመቻሉን ንገሩኝ። "ልጆቹ ደስ ብሏቸው ነበር" አትበሉኝ። ደስታ ጥሩ ነው፣ ግን እኔ የምጠብቀው ሌላ ነው።

ወረቀትና ብዕር፦

እትዬ ያሉት መለኪያ ትክክለኛው ነው። መምህርት፣ ከመጀመርሽ በፊት እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አንድ ያልታየ አንቀጽ አስነብቢ፣ በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበ ጻፊ። ስላነበበው ሦስት ጥያቄ ጠይቂ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ተመሳሳይ ክብደት ባለው ሌላ አንቀጽ ድገሚው። የቀሩበትን ቀንም ቁጠሪ፣ ምናልባት መጀመሪያ የሚቀየረው እሱ ነው። የተቻለ እንደሆነ አርቲስቶቹ የማይገቡበት ሌላ ተመሳሳይ ክፍል ምረጪና አነጻጽሪ። ውጤቱ መጥፎም ቢሆን ለወላጆች ይነገር።

ነባር ርዕሰ መምህር፦

ለንባቡ ሌላ የድሮ ዘዴ ላክል። ክፍል ውስጥ የሚተውኑትን ጽሑፍ ራሳቸው ይጻፉት። አንድ ተረት ይመረጥ። አያት ያለው ልጅ ከአያቱ ያምጣ። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ሲተርኩ አገር ጸጥ ይል ነበር፣ እሳቸውም መጀመሪያ የመድረክ ተዋናይ ነበሩ። ተረቱ በንግግር ይጻፍ፣ ማን ምን አለ። ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ክፍል በቃሉ እስኪይዝ ደጋግሞ ያነበዋል። ንባብ የሚቸግረው ልጅ አንድ ገጽ ደጋግሞ እንዲያነብ ቢለመን እምቢ ይላል። ተራው ደርሶ መድረክ ላይ እንዳያፍር ግን ሃያ ጊዜ ያነበዋል። ማንም የሚያነበው እንዳያጣ፣ አጭርም ረዥምም ክፍል ይኑር፣ ለእያንዳንዱ በልኩ።

ፊደል ገበታ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለሁለት ቀን ስሯሯጥ ነበር፣ አሁን የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ሠዓሊውና የቴአትር ባለሙያዋ ሴሚስተሩን ሙሉ በየሳምንቱ ሊመጡ ቃል ገብተዋል፣ ፈርመዋልም። ማሲንቆ ተጫዋቹ ሥራ ስላለበት በየሁለት ሳምንቱ ነው የሚችለው፣ የሒሳብ መምህራችን ግን ደስ ብሎት አብሮት ይቀመጣል። የሚገቡት በክወናና እይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ ነው። ርዕሰ መምህሩ የሂውስተኑን ውጤት አንብበው "ጉዳት ከሌለው ልሞክር" አሉ። ግን የመጨረሻው ወር ከፈተናው በፊት ሙሉ በሙሉ ለክለሳ ይለቀቃል፣ እሱን አልደራደርም ብለዋል። ተስማምተናል። ወተመህ ቅዳሜ ይሰበሰባል። እትዬ፣ እባክዎ ይምጡ፣ ያሉትን እዚያም ይበሉት።

ለሄዱት ልጆች መላ አላገኘሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቢመጡ ብዬ ነበር፣ የአውቶቡሱ ሰዓትና ገንዘብ አይፈቅድም። ካርታውን በስልክ ከእነሱ ጋር እንሠራለን፣ ለጊዜው ያለኝ ይኼው ነው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ማሲንቆው አንድ ብቻ ነው። ልጆቹ ራሳቸው የሚነኩት ያስፈልጋል። ለክፍሉ ስንት ይበቃል? ማነው የሚያስቀምጠው?

ማሲንቆ በትከሻ፦

ሦስት ይበቃል፣ በቡድን ይዞራል። አዲስ ከመግዛትሽ በፊት ሽሮ ሜዳ ሄደሽ ያገለገለ ጠይቂ፣ ሣጥኑ ጤነኛ ከሆነ ክሩና ቁርበቱ ይቀየራል። ልጆቹ ሲቀይሩት ቢያዩ ደግሞ እሱም ትምህርት ነው። ክሩን ቅዳሜ መጥቼ አብሬያቸው እወጥራለሁ፣ ክፍያ አልፈልግም፣ ለዚህች ብቻ።

አስቀማጩን በተመለከተ፣ ቢሮ አትቆልፊው። ቤቲንግ ቤት በር ላይ ይውላል ላልሽው ልጅ ቁልፉን ስጪው። ጠዋት ቀድሞ መጥቶ መክፈት፣ ማታ ቆጥሮ መዝጋት የእሱ ሥራ ይሁን። መዝገብም ይያዝ፣ ማን ወሰደ፣ መቼ መለሰ፣ በራሱ እጅ ጽሑፍ።

ፊደል ገበታ፦

እሺ። ሰኞ እጠይቀዋለሁ።